ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው፣ እና ለምን የቪጄውን ድምፅ አትንኩት እንደምል

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚለውን ፊልም በኤአይ ፎር ኬ አድርጌዋለሁ ብሎ ላከልኝ። ከፍቼ ሳየው የሰዎቹ ፊት ሁሉ ሰም የተቀባ መስሏል፣ ከኋላ ያለው የቆርቆሮ ጣራ ላይ ኦሪጅናሉ ላይ ያልነበረ መስመር ተፈጥሮበታል፣ ይባስ ብሎ የቪጄ ኤሚን (ፊልሙ ላይ እየተረከ የሚሄደውን ሰውዬ) ድምፅ ለማውጣት ሲሞክር ከስር የነበረውን የተዋናዮቹን ንግግር ግማሹን አብሮ በልቶታል። ልጁ በፍቅር ነው የሰራው፣ አውቃለሁ፣ ግን እኔም ይሄን ፊልም ስለምወደው ለምን እንዳልተስማማሁ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ላላያችሁት፣ በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ የሚባል የድሆች ሰፈር የተሰራ አክሽን ኮሜዲ ነው። የሰራው ናብዋና አይ ጂ ጂ ይባላል፣ ጡብ እየሰራ እየሸጠ ነው ፊልም የጀመረው፣ ዳይሬክት ያደረገውም ካሜራ የያዘውም ኤዲት ያደረገውም እሱ ነው። ወጪው ከ200 ዶላር በታች ነው ይባላል፣ ፊልሙን ስታዩት ደግሞ ታምናላችሁ። መትረየሱ ከቁርጥራጭ ብረትና ከእንጨት የተሰራ ነው፣ ግሪን ስክሪኑ ከገበያ የተገዛ አረንጓዴ ጨርቅ ነው፣ ኮምፒዩተሩን ራሱ ናብዋና ነው ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው። ታሪኩ ካፒቴን አሌክስ ታይገር ማፊያን እንዲይዝ ይላካል፣ ይገደላል፣ ኩንግ ፉ የሚችለው ወንድሙ ብሩስ ዩ ገዳዩን ፍለጋ ይመጣል፣ ሄሊኮፕተር መጥቶ ከተማውን ያነደዋል፣ ያልቃል። ማን ገደለው? እስከመጨረሻው አይነገርም 😄 እኔ ይሄን ስወድለት!

ሲሸጥ ደግሞ ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው ዲቪዲውን ይዘው በየቤቱ እያንኳኩ የሚሸጡት፣ የፊልም ልብሳቸውን ለብሰው ሁሉ ይዞራሉ፣ ምክንያቱም ኮፒ የሚያደርጉት ሰዎች እጅ ከመግባቱ በፊት ያላቸው ጊዜ ቢበዛ ሳምንት ነው። እኛ ሀገር በቪሲዲ ዘመን ፊልም የሰራ ሰው ይሄን ሲያነብ ሆዱ ይባባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የፊልሙ ማስተር (ኮፒ የሚደረግበት ዋናው ፋይል) የለም። የሃርድ ዲስክ ቦታ ስላልነበረ ቀጣዩን ፊልም ለመስራት የበፊቱ መጥፋት ነበረበት፣ መብራቱ በሄደ በመጣ ቁጥር ደግሞ ማሽኑ ይበላሻል። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ በነጻ የምናየው፣ ፌስቲቫል የዞረው፣ ሁሉም ከዲቪዲ የተረፈው ቅጂ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ የቪጄ ኤሚ ድምፅ አለበት። ቪጄ ማለት ኡጋንዳ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ተቀምጦ ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እያሟሟቀ፣ እየሳቀ፣ የሚመጣውን እያስጠነቀቀ ህዝቡን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ኤሚ በዚህ ፊልም ላይ ያንኑ በእንግሊዝኛ ነው የሚያደርገው፣ ተኩስ ሳይጀምር ሊጀምር ነው ይላችኋል፣ ተዋናዩ ዝም ካለ እሱ ይሞላዋል፣ ኮሜዲ ያደረገው ግማሹ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ «ኦሪጅናሉን ለመመለስ የቪጄውን ድምፅ እናውጣ» ሲባል ምኑን ነው የምንመልሰው? ድምፁ ከሙዚቃውም ከንግግሩም ጋር አንድ ትራክ ላይ ተቀላቅሏል፣ አብዛኛው ሶፍትዌር የሰው ድምፅ የመሰለውን ሁሉ ይለያል እንጂ ይሄ የቪጄው ነው ይሄ የብሩስ ዩ ነው ብሎ በደንብ አይለይም። ምስሉም እንደዛው ነው። ዲቪዲ በፓል (የቲቪ ምስል ስታንዳርድ ነው) 576 መስመር ነው፣ ብሉሬይ 1080፣ መሀል ላይ ያለውን ማሽኑ ገምቶ ነው የሚሞላው። የገመተው ነገር ደግሞ ዋካሊጋ ውስጥ አልነበረም። ካሜራው ያልያዘውን የቆርቆሮ ዝገት ማሽን ሲስልልኝ እኔ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም የዛ ሰፈር እውነተኛ መልክ የተቀረጸበት ነገር ነው፣ ልጆቹ፣ ጭቃው፣ ግድግዳው ሁሉ የእውነት ነው።

አሜሪካ ያለው የጀነር ፊልም አርካይቭ (አግፋ የሚባለው) ይሄን ፊልምና በኋላ የመጣውን «ባድ ብላክ»ን አንድ ላይ በብሉሬይ ሲያወጣ የተረፈውን ቅጂ፣ ቪጄውንም ጨምሮ፣ እንደ ፊልም አክብሮ ነው ያወጣው። እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የሪስቶሬሽን (አሮጌ ፊልም የማደስ) ነገር ሲነሳ ሰው ሁልጊዜ የሚያስበው ኔጋቲቭ ተፈልጎ ተገኝቶ፣ ታጥቦ፣ ስካን ተደርጎ ነው፣ ኔጋቲቭ ኖሮት የማያውቅ ፊልም ግን አለ፣ የኛም አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው። እንደዚህ አይነት ፊልም ላይ ሰው ቤት የቀረው ቅጂ ነው ማስተሩ። ሌላ የሉጋንዳ ብቻ የሆነ ቅጂ አለ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ካለ ደግሞ የኤአይ ሰብስክሪፕሽን የሚከፍልበትን ብር ዋካሊጋ ውስጥ የዛኔ ዲቪዲውን የገዛ ሰው ቤት እያንኳኩ መጠየቅ ላይ ቢያውለው ይሻላል፣ ከዛ ቅጂ ቢገኝ እኔ የመጀመሪያው ተደሳች ነኝ።

ይሄን ሁሉ የምለው እኛ ቤት ያለውን እያሰብኩ ነው። በቪኤችኤስ የተሰሩት የአማርኛ ፊልሞች፣ የበዓል ኮሜዲዎች፣ መድረክ ላይ የተቀረጹ ጭውውቶች፣ ስንቶቹ ናቸው ማስተራቸው ያለው? አክስቴ ቤት አንድ የኮሜዲ ካሴት ነበረ፣ ልጅ ሆነን የምናውቀው ጭውውት መሀሉ ላይ በድንገት ተቆርጦ የጎረቤት ሰርግ ይገባል፣ ሙሽሮቹ ኬክ እየቆረሱ፣ ከዛ ሰርጉ ሲያልቅ የጭውውቱ ጫፍ ብቻ ይመጣል፣ ሰዎች እየሳቁ፣ በምን እንደሳቁ ግን አታውቁም። ባዶ ካሴት ውድ ነበር፣ ማንም ላይ አልፈርድም። ግን ያ ካሴት ምናልባት የቀረው ብቸኛ ቅጂ ነው፣ ማን ያውቃል። ዴክ እንኳ መስራት ቀርቷል፣ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 አቁሟል፣ አሁን ያለው ሁሉ አሮጌ ነው፣ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ሲያልቅ መለዋወጫ ማግኘት መከራ ነው።

እና ዲያስፖራ ያላችሁም ሀገር ቤት ያላችሁም ካሴት ካላችሁ የምለምናችሁ፣ መጀመሪያ እንዳለ ገልብጡት። ሳታሳምሩ፣ ቀለም ሳታስተካክሉ፣ ድምፅ ሳታጸዱ፣ ማስታወቂያውንም የሰው ሳቁንም ሰርጉንም ጭምር። ኮምፕሬስ ሳታደርጉ ወይም ጥራት በማይቀንስ ኮዴክ (ቪዲዮውን አሳንሶ የሚያስቀምጥ ፎርማት) ሴቭ አድርጉት፣ አንድ ሰዓት ካሴት በአስር የሚቆጠር ጊጋ ይይዛል፣ ይያዝ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ማሳመር የፈለገ ከዛ ላይ ኮፒ አድርጎ እንደፈለገው ይጫወትበት፣ ነገ የተሻለ ሶፍትዌር ሲመጣ ያልተነካው ፋይል አለ ማለት ነው።

ስትጀምሩ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥናችሁ መልሱት፣ ለዓመታት የተቀመጠ ክር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ፕሌይ አትበሉ። ከዛ በፊት ግን በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ጫፍ በመብራት እዩት፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፣ ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ዴኩን አበላሽቶ ከዛ በኋላ የምታስገቡትን ካሴት ሁሉ ይበክለዋል። እሱን ለብቻው በላስቲክ አድርጋችሁ ማጽዳት ለሚችል ሰው አስቀምጡት፣ እንዳትጥሉት ብቻ።