ፍዳ የማን ዕዳ ነው?

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ማታ ከትልቋ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ስለ ሕፃኑ መርፌና ስለ ሌሊቱ ለቅሶ ነግራኝ ስታበቃ «ይሄ ልጅ እኮ ፍዳውን አየ» አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ፍዳ ግእዝ ነው። ግሱ «ፈደየ» ነው፤ ከፈለ፣ ብድር መለሰ ማለት። ለደግ ሥራም ለክፉም ይሆናል። አማርኛ ውስጥ ግን ክፉው ብቻ ቀረ፤ እያደርም ክፍያነቱ ደብዝዞ ስቃይ ሆነ። አበሳም መንገዱ ያው ነው። አቡነ ዘበሰማያት ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ» ስንል በደላችንን ተወን ማለታችን ነው፤ «አበሳዬን አየሁ» የምትል ሴት ግን የምታወራው ስለ በደሏ ሳይሆን ስለ ደረሰባት ነው። መከራ ደግሞ ከሙከራ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ፈተና ነው።

የከበደኝ ይሄ ነው። አንዱ ቃል ዕዳ አለብህ ይላል፣ አንዱ በድለሃል፣ አንዱ እየተፈተንክ ነው። ሰበብ የማይጠይቀው ሕመም ብቻ ነው፤ ጌታ የተቀበለውም ሕማማት ነው የሚባለው። ጥርስ እንኳ ያላወጣ ልጅ ምን ተበድሮ ነው የሚከፍለው? የኢዮብ ወዳጆችም ሳትበድል አልቀረህም እያሉ ነው ቁስሉ ላይ የተቀመጡት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው ኃጢአቱ የሱ ነው የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ የማንኛቸውም አይደለም ተባሉ። «ያባት ዕዳ ለልጅ» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ መልስ አይደለም።

ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለውን 5500 ዘመን አባቶች ዓመተ ፍዳ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው፤ የልጁ የሐኪም ቤት ካርድ ላይ ሳይቀር ዓ.ም. ተብሎ ይጻፋል። ዘመኑ ካለፈ ቃሉ አፋችን ላይ ምን ይሠራል?

ደግሞ ሳስበው፣ ፍዳዬን አየሁ የሚል ሰው ዕዳዬን ከፈልኩ እያለ አይደለም። «ፍዳዬን አበላኝ» ሲልማ በዳዩ ሌላ ነው። ሕዝቡ ቃሉን ከክሱ ነፃ አውጥቶት ይሆን? ወይስ ክሱ እዚያው ውስጡ ተሸሽጎ ነው፣ እናትን ሌሊት ብቻዋን ስትሆን «ምን በድዬ ነው?» የሚያሰኛት?