የጋሼ በግ

አዳማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ኦሊያንደር የሚባለውን የአበባ ቁጥቋጦ የተከልኩት እኔ ነኝ። የአዳማን ሙቀትና ንፋስ ይችላል፤ አንዴ ሥር ከሰደደ ውኃ ቢያጣም አይከፋውም፤ ቅጠሉ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ከሁሉም በላይ የሰፈሩ ፍየሎች አይነኩትም። ፍየል ያልደፈረችው ተክል ለአጥር ቢመረጥ ምን ይገርማል? መርዛማ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን «እንስሳ ራሱ ይለየዋል» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

ኦሊያንደር የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አበባው ጋብ ሲል ይገረዛል። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት አጥልቄ ቀኑን ሙሉ ስገርዝ ዋልኩ። ክምሩን ጭኖ የሚወስድ መኪና እስኪመጣ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ቆለልኩት። መኪናው አልመጣም።

ሐሙስ ማታ የሌሊቱ ጥበቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ለፋሲካ የገዙትን በግ አምጥተው እዚያው ጀርባ አሰሩት። ዓርብ ጠዋት ስገባ በጉ እግሮቹ እየተብረከረኩ፣ እያስቀመጠው ቆሟል። ጆሮውን ስነካው ቀዝቅዟል። በአፉ ጥግ ግማሽ ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ ቀጭን፣ ደርቆ የተጠቀለለ።

ጋሼ ቢላዋ ይዘው ቆመዋል። «ስቅለት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ ከሚሞትብኝ ልባረከው» አሉ። ገንዘባቸውን አውቃለሁና እንደ እውነቱ ከሆነ ዝም ብዬ ላልፋቸው ዳድቶኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሐኪም እስክትመጣ ይታገሡኝ» አልኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ ማዳመጫዋን ከበጉ ደረት ላይ አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች። ልቡ ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። እርጥቡ ቅጠል ስለሚመር እንስሳ ይሸሸዋል፤ ሲጠወልግና ሲደርቅ ግን ይበላዋል፤ መርዙ አብሮ አይደርቅም። ሥጋው እንዳይበላ ከለከለች። ከቀትር በፊት በጉ ሞተ።

በንዴት ክምሩን ላቃጥለው ክብሪት ሳወጣ እጄን ያዘችኝ፤ ጭሱም ይመርዛል። ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረን በጉንም ቅጠሉንም ለየብቻ ቀበርን። አካፋውን ይዘውልኝ ሲቆሙ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

የበጉን ዋጋ ከደመወዜ በሁለት ወር ከፈልኳቸው። አጥሩን አልነቀልኩትም፤ አሁንም ሮዝ አበባው አላፊ አግዳሚውን ያስቆማል። የገረዝኩትን ግን በዚያው ቀን በጆንያ አስሬ አስወጣለሁ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ጆንያዎቹን ይቆጥራሉ፤ ከዚያም ወደ ጀርባ ዞረው መሬቱን በከዘራቸው ይፈትሻሉ።