ቀኑን ሳልጽፍ ፈረምኩ

ከሥራ የተሰናበትኩት ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ነው። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለ11 ዓመት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ጥፋቴን አልደብቅም፤ ኃላፊዬ በቃል ሲያዙኝ ሁለት ላፕቶፕ ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ አወጣሁ። ላፕቶፖቹ አልተመለሱም፤ እሳቸውም «እኔ አላዘዝኩም» አሉ። በዲሲፕሊን ኮሚቴ ተከሰስኩ፣ መልስ ሰጠሁ፣ ምስክር አሰማሁ፣ ስንብት ተወሰነብኝ።

ያቃጠለኝ ከዚያ የመጣው ነው። ከነሐሴ 12 እስከ 23 የዓመት ፈቃድ ወጥቼ አገር ቤት ነበርኩ። ስመለስ፣ ነሐሴ 26 ጠዋት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የስንብት ደብዳቤውን ሰጥታኝ የማስረከቢያ መዝገቡን ዘረጋችልኝ። የቀኑ ቦታ ባዶ ነበር። «አንተ ፈርም ብቻ፣ ቀኑን እኔ እሞላዋለሁ» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳላስፈርም ዕቃ የማልሰጥ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ተዘናጋሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ዋጋ አስከፈለኝ።

የሰው ሀብት ኃላፊው ደግሞ «መጀመሪያ ለበላይ ኃላፊ የይቅርታ ማመልከቻ አስገባ፤ ቀድመህ ከከሰስክ ይቀየሙሃል» ብለው መከሩኝ። አምኜ ደጅ ስጠና ሰነበትኩ። መልስ የሚባል አልመጣም። የይግባኙ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመንግሥት ሠራተኞችን ይግባኝ ለሚያየው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኜን አስገባሁ። የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ያቺን መዝገብ ይዘው ቀረቡ። ከፊርማዬ ጎን «ነሐሴ 13» ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ይግባኙ ጊዜው አልፎበታል አሉ።

ስለ ላፕቶፑ ቃል ሳይነሳ 14 ወር በዚያች ቀን ተከራከርን። ነሐሴ 13 ፈቃድ ላይ እንደነበርኩ የሚያሳየው ቅጽ ያለው በግል ማህደሬ ውስጥ ነው፤ ማህደሩ ደግሞ እነሱ ዘንድ። «ሲፈለግ አልተገኘም» አሉ፤ ቀጠሮ። «ሌላ ክፍል ሄዷል» አሉ፤ ቀጠሮ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከድሮ የውኃ ደረሰኞች መሃል የፈቃድ ቅጹን የካርቦን ኮፒ አገኘችው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን የሰው ሀብት ኃላፊው ፊርማና ማኅተሙ በደንብ ይነበባል። መቃወሚያው ውድቅ ሆነ።

ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም የስንብቱ ጉዳይ ራሱ፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አልፈጀም፤ ስንብቱ ተሽሮ የሦስት ወር ደመወዝ ቅጣት ሆነ። እነሱ ይግባኝ አሉ። ፍሬ ነገሩን እንደገና ማስመርመር አይቻልም፣ የሕግ ስህተት ብቻ ነው የሚታየው፤ ያንንም ማሳየት አልቻሉም። «መደቡ በሰው ተይዟል» ብለው ስላልመለሱኝ ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቼ ታኅሣሥ 2009 ሥራ ገባሁ።

የእኔ ጉዳይ በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999 ታየ፤ ከዚያ በኋላ በ1064/2010 ተተካ፣ እሱም ኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል። የይግባኙን ጊዜ አሁን ከሚሠራበት አዋጅ ላይ ራሳችሁ አንብቡ እንጂ ከሰው ሀብት አፍ አትስሙ። መጀመሪያ ይግባኛችሁን አስገቡ፣ ልመናው ይደርሳል። ቀኑን በገዛ እጃችሁ በፊደል ጻፉ፣ ገጹንም በስልካችሁ አንሱት። ፈቃድም ሆነ ዕድገት፣ የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ።

ማመልከቻውን ደግሞ የሕግ ባለሙያ ይየው። እኔ ገንዘብ ለማትረፍ ብዬ ራሴ ጻፍኩትና «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብዬ አቆምኩ። ውዝፍ ደመወዝ ይከፈለኝ የሚል አልጨመርኩበትም። ያልተጠየቀ አይወሰንም ተባልኩ፤ የ28 ወር ደመወዜ እንዲሁ ቀረ።