ሹልክ ብሎ ወጣ

ቦሎኛ፣ ማክሰኞ ሌሊት

ከእንግሊዝኛ ወደ ጣሊያንኛ የተረጎምኩትን ታሪክ ረቂቅ መምህሬ መለሱልኝ፤ አንዱ ገጽ ላይ ብቻ ዘጠኝ ቃል በእርሳስ ተሰምሮበታል። ዘጠኙም እንደ «በቀስታ» ያሉ፣ ግስን የሚገልጹ፣ በ«ሜንቴ» የሚያልቁ ናቸው። የእንግሊዝኛው ደራሲ «ሊ» ባለበት ሁሉ እኔ «ሜንቴ» እያልኩ ሄጃለሁ። «ሊ» አጭር ናት፣ ሳትከብድ ታልፋለች። «ሜንቴ» ግን ከላቲን የመጣ፣ ድሮ «አእምሮ» የሚል ስም የነበረ ቃል ነው። ሴቴ ስም ስለነበረም «ሌንቶ» (ዝግተኛ) በሴቴ መልኩ ከሱ ተጣምሮ «ሌንታሜንቴ» (በዝግታ) ይሆናል። ዘጠኝ ጊዜ ሲደጋገም ገጹ ይጎተታል። አምስቱን በ«ኢን ሲሌንትሲዮ» (በጸጥታ) እና በ«ኢን ፍሬታ» (በችኮላ) ዓይነት ለወጥኳቸው፤ ሁለቱን ጭራሽ አወጣኋቸው፣ ግሱ ራሱ በቂ ነበር።

ያሳዘነኝ ስህተት ሌላ ነው። «ኢቨንችዋሊ»ን «ኤቬንቱዋልሜንቴ» ብዬዋለሁ። የታሪኩ ልጅ በመጨረሻ ቤቱ ገባ ማለት ሲገባኝ፣ «ምናልባት ካስፈለገ» የሚል ትርጉም ሰጠሁት። የታሪኩን መጨረሻ አጠፋሁበት።

ግሶቹ ይብሳሉ። እንግሊዝኛ አኳኋኑን በግሱ፣ አቅጣጫውን ደግሞ በተከታዩ ትንሽ ቃል ይናገራል፤ «ስዋም አክሮስ» ይላል። ጣሊያንኛ ይገለብጠዋል፦ «አትራቬርሶ ኢል ፊዩሜ አ ኑኦቶ»። ለካ እኛም «ዋኝቶ ተሻገረ» ነው የምንለው! ስንት ወር ከእንግሊዝኛ በቀጥታ ልሻገር ስታገል በአማርኛ በኩል መንገድ ነበረኝ። (ጣሊያንኛም እንደ «ቡታሬ ቪያ» (አውጥቶ መጣል) ያሉ የራሱ ጥምር ግሶች አሉት፤ ሁሉም አይገለበጥም።)

ልጁ ከቤት የወጣበት «ስሊፕድ አውት» ሦስት ቀን ይዞኝ ነበር። እሁድ እማዬ በስልክ ስለ ጎረቤት ልጅ ስታወራ «ሳላየው ሹልክ ብሎ ወጣ» አለች። ስልኩን እንደዘጋሁ «ዝጋታዮላሬ» ትዝ አለኝ። «ጋታዮላ» በር ላይ ለድመት የሚተው ቀዳዳ ነው፤ ግሱም ከዚያው የወጣ ነው። ልጁን በዚያ ቀዳዳ ሲያልፍ አየሁት። መምህሬም እዚያ ቃል ላይ ምንም አላሰመሩም።

የቀረችኝ የእናቱ ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ሺ ጌቭ አፕ»። ፍለጋውን አቆመች ከሆነ «ዝሜቴሬ»፣ ልጇን ተወችው ከሆነ «ሪኑንቻሬ»፣ እጅ ሰጠች ከሆነ «አሬንደርሲ»። እንግሊዝኛው ሦስቱንም ይዞ ዝም ብሏል። አማርኛዬም ምረጪ ነው የሚለኝ። ነገ ታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና አነበዋለሁ፣ ስለሷ ብቻ።