ወደ ገሊላ ይቀድማችኋል

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤
በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

ወዳጆቼ፣ የሁዳዴን 55 ቀናት አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይሁን። እንኳን አደረሳችሁ!

ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ፣ ቤተሰቡ ጾሙን ፈትቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው የምጽፍላችሁ። ትናንት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ያደሉን ቄጤማ አሁንም ግንባሬ ላይ ነው። ለባሕር ዳር ሰው ቄጤማ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ከጣና ዳር ይታጨዳል። አባቶች ግን ርግቧ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችበት ቅጠል ምሳሌ አድርገው ያድሉናል። ኖኅ መርከቡን የሠራው ደመና አይቶ እንዳልነበር ልብ በሉልኝ።

ዘንድሮ ልቤ ያደረው ግን አንድ ቃል ላይ ነው። መልአኩ በመቃብሩ ለተገኙት ሴቶች «ወደ ገሊላ ይቀድማችኋል፤ እንደ ነገራችሁ በዚያ ታዩታላችሁ» አላቸው። እንደ ነገራችሁ! ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ይህን መቼ ነበር የነገራቸው? በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት፣ ሁሉም ጥለውት ሊሸሹ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው። እንደሚሰናከሉ በነገራቸው በዚያው አንደበት «ከተነሣሁ በኋላ ግን ወደ ገሊላ እቀድማችኋለሁ» አላቸው። መሸሻቸውን እያወቀ ቀጠሮ ሰጣቸው። በማርቆስ ወንጌል «ለጴጥሮስም» ተብሎ ስሙ ለብቻው መጠራቱን ባነበብሁ ቁጥር ዕንባ ይተናነቀኛል። ሦስት ጊዜ የካደው ሰው፣ «ይህ እኔን አይጨምርም» ብሎ እንዳይቀር ነዋ!

ከኢየሩሳሌም እስከ ገሊላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለእግረኛ የቀናት መንገድ። ጌታ በኢየሩሳሌምም በተዘጋ ደጅ ገብቶ ታይቷቸዋል፤ የገሊላው ቀጠሮ ግን አልተሰረዘም። ተስፋውን የሰጠው እርሱ ነው፤ መንገዱን መሄድ ግን የእነርሱ ነበር። እኔ ብዙ ዓመት ተስፋን ቤት ተቀምጦ እንደሚጠበቅ እንግዳ ስቆጥረው ኖሬአለሁ።

ከሄዱም በኋላ ባዶ ሌሊት ገጠማቸው። ጴጥሮስ «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» አለ፤ ተከተሉት፤ እስኪነጋ ምንም አልያዙም። የጣና ዓሣ አጥማጅ ይህን ሌሊት ያውቀዋል። የእኛ ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ለነገ አይሆንም። ቆሮሶም አምባዛም ሳይዝ ጎሕ ሲቀድ የሚመለስ ሰው ትከሻው እንዴት እንደሚወድቅ ከዳር ቆሜ አይቻለሁ። እንዲህ ለዛለ ሰው አንድ የማያውቀው ሰው ከዳር ሆኖ «መረቡን በታንኳይቱ በስተ ቀኝ ጣሉት» ቢለው ምን ይመልሳል? ደቀ መዛሙርቱ ኢየሱስ መሆኑን አላወቁም ነበር። ሆኖም ጣሉት፤ 153 ታላላቅ ዓሣም ያዙ።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ዳር ላይ የጠበቃቸው ነገር ነው፤ ፍም፣ በላዩ ዓሣ፣ እንጀራም። ሳይደርሱ አዘጋጅቶ ቆያቸው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው ፍም እየሞቀ ነበር፤ አሁን ደግሞ በፍም አጠገብ «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ተባለ።

የራሴን ልንገራችሁ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት ከተኳረፍን 4 ዓመት ሆኖን ነበር። ጾሙ ሲገባ የንስሐ አባቴ «አንተ ቀድመህ ሂድ» አሉኝ። «ይቅር በሉ ይቅርም ትባላላችሁ» የሚለውን ቃል ለሌላው ስጠቅሰው እንዴት ቀላል ነበር! ስድስት ሳምንት እያንገራገርሁ ቆይቼ፣ በኒቆዲሞስ ሰንበት፣ እንደ ኒቆዲሞስም በጨለማ ሄድሁ። ልቤ ገና አልበረደም ነበር፤ የምናገረውንም አላዘጋጀሁም። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ወንድሜ በረካው እስኪቀዳ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልወጣ ስነሣ ብቻ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አለኝ።

በዚህ በዓል ከቀዬህ ተፈናቅለህ፣ ወይም ሕመምተኛ እያስታመምሽ፣ ወይም ሐዘን ላይ ተቀምጣችሁ ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ እንደ ነገራችሁ የሚለው ቃል ለእናንተም ነው። የፊታችን ሐሙስ የአዳም ሐሙስ ይባላል። አባቶች እንደሚያስተምሩን «ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» የተባለው አዳም 5,500 ዘመን ጠብቋል። ዘገየ ብላችሁ ቀረ አትበሉ።

አሁን ነግቷል። ከወደ ሐይቁ የወፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ ወጡም ለምሳ እሳት ላይ ተመልሷል። እኔ ከመሶቡ አጠገብ አንድ ዱካ ጨምሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ወንድሜን እየጠበቅሁ ነው።