ሳይታይ አይታሽም

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምንሰማው ጥያቄ «እሽልኝ» የሚል ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ግራ ባታቸው አብጧል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማቸዋል። «ጅማቴ ዞሮ ነው ልጄ፤ ወጌሻው ትናንት ጀምሮልኛል፣ አንተ ጨርስልኝ» አሉኝ።

እጄን ከማሳረፌ በፊት ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኋቸው። ለካ ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ ከጀርባውም እንቁላል የሚያክል እብጠት ነበራቸው፣ እግራቸውን ሲዘረጉ የሚወጠር፣ ሲያጥፉት የሚለሰልስ። ከዚያ ደረጃ ሲወርዱ አንድ ነገር ቷ ያለ መሰላቸው፣ ሙቅ ውሃ በባታቸው የወረደ ያህል ተሰማቸው። የኋላው እብጠት ጠፋ፣ ባታቸው አበጠ። ከቁርጭምጭሚታቸው በታች በውስጥ በኩልም በልዟል።

ይህ የፈነዳ ቤከርስ ሲስት (ከጉልበት ጀርባ የሚፈጠር ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ይመስላል። ግን እግር ውስጥ የረጋ ደምም ልክ እንዲህ ያሳብጣል፣ ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበትም ጊዜ አለ፣ በእጅ ዳስሶ ደግሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ደሙን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታዩ ስል ልጃቸው «ለመታሸት አልትራሳውንድ ምን ያደርጋል?» ብሎ ተቆጣ፤ ወጪው ከብዶት እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም አላሸሁም። ለሐኪሙ ነግሬ የዚያኑ ዕለት በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ ታዩ።

የረጋ ደም የለም። ሲስቱ ፈንድቶ ፈሳሹ ወደ ባት ወርዷል።

ስሙ የመጣው በ1877 ስለዚህ እብጠት ከጻፈው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ከቤከር ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ መነሻው ጉልበቱ ራሱ ነው፦ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ወይም የሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግል ልም አጥንት) መቀደድ። መገጣጠሚያው ፈሳሽ ያበዛል፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይወጣል፣ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ በመርፌ ቢቀዳም ጉልበቱ ካልታከመ ተመልሶ ይሞላል። እብጠቱ እንደ ልብ የሚመታ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የደም ቧንቧ ተለጥጦ ሊሆን ስለሚችል መርፌ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ለእኚህ እናት እረፍት፣ እግርን ከፍ ማድረግና ማስታገሻ ታዘዘ፣ በኋላ እኛ ጋ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጀመሩ። የጨነቃቸው ስግደቱ ነበር። እብጠቱ እስኪወርድ ቆመው እንዲጸልዩ፣ ነፍስ አባታቸውንም እንዲያማክሩ ነገርናቸው። ልጃቸውንም ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ሰዓት ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል እንዲያደርሳቸው አስጠነቀቅነው።