ዳሩ የት አለ?

እናቴ ከዳንግላ የመጣችው ጉልበቷን ልትታከም ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና «ሜዳ ሜዳውን በቀን ትንሽ ትንሽ ይራመዱ» አላት። ባህር ዳር እንደሆነ ሜዳ ሞልቷል። ዳገት ያማረው ሰው ቤዛዊት ድረስ መሄድ አለበት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጥቁሩን ጃንጥላዬን እንደ ምርኩዝ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ባህሩን አሳየኝ» አለች። የእኛ አገር ሰው ሐይቅ አይልም፣ ባህር ነው የሚለው።

እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ የጉዞ ማስታወሻ ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን በእናት ጉልበት ሲሄዱት ከተማው ሌላ ነው። እኔ «በባጃጅ አምስት ደቂቃ» የምለው እሷ ዘንድ አራት እረፍት ነው።

ከጊዮርጊስ ጀመርን። ደጁን ተሳለመች፣ ጸሎቷን አደረሰች፣ ከዚያ ወደ ውሃው አቀናን። ሐይቁ ቅርብ ነው። ይሸታል፣ የእርጥብ ሳርና የዓሳ ሽታ። ግን አይታይም። ግንብ ነው፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የሆቴል አጥር። ትንሽ እንደሄድን ቆመች።

«ባህር ዳር ማለት የባህር ዳር ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ዳሩ የት አለ?»

መልስ ስላልነበረኝ በአንድ ሆቴል በር ልናልፍ ሞከርን። ጥበቃው ትሁት ልጅ ነው። «እማማ፣ ቁጭ ብለው የሚጠቀሙ ከሆነ ይግቡ» አላት። ገባን፣ ተጠቀምን። ጾም ስለሆነ ሁለት ሻይ ብቻ። እናቴ የሻዩን ዋጋ ስትሰማ ስኒውን አስቀምጣ ውሃውን አየች። «ባህሩንም ጨምረው ነው የሚሸጡት?»

ክፉ አፍ አይኑረኝ፣ የተሻሻለ ነገር አለ። በኮሪደር ልማቱ የተከፈተው የሐይቅ ዳር መንገድ ላይ ስንደርስ እናቴ ፊቷ በራ። ጣና ተዘርግቶ ታየ፣ ማዶው አይታይም። ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ስላት «በጥማድ ስንት ይሆናል?» ብላ አፋጠጠችኝ። መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ለጉልበት ይመቻል። መቀመጫም አለ። ችግሩ ፀሐይዋ ናት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጋቢት ፀሐይ ድንጋዩን አግላዋለች፣ እኛ የደረስንበት መቀመጫ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው የተተከለው። እናቴ አንዴ ቁጭ አለችና ተነሳች። «ምጣድ ነው» አለች።

እዚህ ላይ ስለ ዘንባባ የማወራው አለኝ። ባህር ዳር በዘንባባዋ ትታወቃለች። ጀርመኖች በ1950ዎቹ ፕላን ካወጡላት ከተማ የቀረን ትልቁ ሀብት ሰፋፊው ጎዳናና የዛፉ ሰልፍ ነው። ፎቶ ላይ ከዘንባባ የሚበልጥ የለም። ጥላ ግን የለውም! እናቴ የአንዱ ዘንባባ ግንድ ጥላ ላይ ለመቆም ሞከረች። አንድ ትከሻዋን ሸፈነላት፣ ሌላኛው ፀሐይ ላይ ቀረ። ጥላው ዞር ሲል እሷም አብራው ዞር አለች።

ትንሽ አለፍ ብሎ ግን አንድ ዋርካ አለ። ሥሩ ማን የለም? ቡና የምታፈላ ልጅ፣ ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ደብተር ይዘው የማያነቡ ሁለት ተማሪዎች፣ ባጃጁን አቁሞ የሚያንቀላፋ ሹፌር። ከተማችን ውስጥ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ቦታ ካርታ ላይ ብታወጣው የዋርካና የሾላ ካርታ ነው የሚሆነው። እናቴ ሥሩ ላይ ተቀምጣ ከቡና አፍይዋ ጋር በሁለት ደቂቃ ዘመድ ቆጠረች።

እኔ ከንቲባ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው። በየመቶ እርምጃው አንድ ዋርካ ወይም ዋንዛ፣ ሥሩ መደብ። በርካሽ ያልቃል። ክፋቱ ዛፍ ሪባን አይቆረጥለትም። ጥላ እስኪሆን የተከለው ሰው ሥልጣን ላይ አይቆይም።

መጸዳጃ ቤት ፍለጋ የፈጀብንን ሃያ ደቂቃ ልለፈው። እናቴ ራሷ «ይሄን ደግሞ እንዳትጽፈው» ብላለች።

ስለ ሳይክል ግን ሳልናገር አላልፍም። ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ተማሪ እያለሁ በሰዓት ተከራይተን ከተማዋን እንዞር ነበር። ሜዳ ናት፣ ለሳይክል የተፈጠረች። ግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፣ ለሳይክልም ቦታ አለው። እዚያ ላይ ስትነዳ ንጉሥ ነህ። ወደ ሰፈር ስትገባ ግን ከባጃጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የድልድዩ ነገር ወደ ውስጥ ቢቀጥል ምናለ?

ከዋርካው ወዲያ ሐይቁ ዳር ደንገል በቅሏል፣ ከሰው ቁመት በላይ። አንድ ሰውዬ ታንኳ እየሠራ ነበር። የደረቀውን ደንገል በእቅፉ ሰብስቦ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ያጠብቃል። አንዱን እስር ጨርሶ በእጁ መዳፍ መታ መታ ያደርገዋል፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ታንኳ ተጠቅመህ ከውሃ ታወጣዋለህ፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። እናቴ «እንደ ሰው እረፍት ይፈልጋል በለኛ» አለችው። ሳቀ።

ደንገሉን ስናይ «እይታ ይከልላል፣ ይጽዳ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ባይነካ ደስ ይለኛል። ከከተማ የሚወርደውን ቆሻሻና ደለል ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያጣራው እሱ ነው። እምቦጭ የሚባለው የሐይቁ አረም የሚፋፋውም ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው ነገር ነው። ደምቢያና ፎገራ በኩል ገበሬው በእጁ ሲለቅም የከረመው የዚያን ዕዳ ነው። ጣና ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው። ደንገሉን ነቅሎ ኮንክሪት ከማፍሰስ በላዩ የእንጨት መተላለፊያ ቢሠራ ሰውም ያያል፣ ዓሳም ይራባል።

መጨረሻ ላይ ጀልባዎቹ ጋ ደረስን። እናቴ የገዳማቱን አገር ዘጌን በስም ነው የምታውቃት፣ እዚያ ያለችውን ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ትፈልጋለች። ጉልበቷን ረሳችው። ለአንዱ ባለ ጀልባ ሰላምታ ሰጥታ መቼ እንደሚነሳ ጠየቀችው።

«ሲሞላ ነው የኔ እናት። ኮንትራት ከሆነ ግን አሁኑኑ።»

የኮንትራቱን ዋጋ ነገረን። ተያየን። ለመሙላት ስንት ሰው እንደሚቀረው ጠየቅኩ። እኛን ጨምሮ አራት ነን፣ ብዙ ይቀራል። እንግዲህ ሌላኛው ምኞቴ ይሄ ነው፦ በሰዓቱ የሚነሳ የሕዝብ ጀልባ። ሞላም ጎደለም ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመልሳል። ደብረ ማርያም፣ ዘጌ፣ በከተማ አውቶቡስ ዋጋ። ውሃው መንገዱ ነው፣ አስፋልት አይፈልግም። የዘጌ ቡና ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ተማሪ፣ ታማሚ፣ የእኔ እናት፣ ሁሉም ይሄድበታል።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። አንድ ሰው መጣ፣ አንዱ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ወረደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። እናቴ ጃንጥላውን ተመርኩዛ ተነሳች፣ ወደ ዘጌ አቅጣጫ አማተበች፣ ለባለ ጀልባውም እጇን አነሳችለት።

«በል ለጥምቀት እመለሳለሁ» አለችው። «እስከዚያ ይሞላል።»